የወንድሜን ፊት ከግድግዳው ላዞረችልን ፊዚዮቴራፒስት

አካሉ ተጎድቶ ቤት የዋለ ሰው ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ።

ታላቅ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የታሪክ መምህር ነው። ከመኪና አደጋው ወዲህ ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም። ያላንከራተትነው ቦታ የለም። አንዱ ጋ ስንት ሰዓት ወረፋ ጠብቀን፣ ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ወረቀቱን አገላብጦ "ከእንግዲህ ብዙ አትድከሙ" አለን። እሱ እየሰማ! ሌላው ደግሞ ብሩን ቀድሞ ይቀበልና ማሽን ላይ አስሮት ስልኩን ይጎረጉራል። በዚህ ምክንያት ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። መጽሐፍ የማይለየው ሰው መጽሐፍ ጠላ።

ጎረቤታችንን እግዜር ይስጣት፣ ቤት ድረስ እየመጣች የምትሠራ ልጅ ጠቆመችን። የምታሠራውን ነገር ስሙን እንኳ አላውቀውም። የመጀመሪያ ቀን ግን ምንም ሳትነካው አልጋው አጠገብ ቁጭ አለች።

"መምህር፣ የታሪክ ሰው ነዎትና ልጠይቅዎ። ሻምበል አበበ ቢቂላ ከአደጋው በኋላ የት አሸነፈ?"

"አበበ ከአደጋው በኋላ አልሮጠም" አላት፣ ሳይዞር።

"አልሮጠም፤ ግን አሸንፏል። ኖርዌይ፣ በረዶ ላይ።"

ዞረ! ነገረችው። ያ የክብር ዘበኛ ወታደር፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታክሞ እዚያው በ1970 በቀስት ተወዳደረ። በ1971 ኖርዌይ ሄዶ፣ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ መንሸራተቻ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። የደብረ ብርሃን አካባቢ ልጅ፣ በኖርዌይ በረዶ!

ማታውኑ ወንድሜ "ላፕቶፔን አምጪልኝ" አለኝ። አለቀስኩ።

ሌላም ልንገራችሁ። መዳፎቿን አፋትጋ ሳታሞቅ እግሩን አትነካም። እግሩ ብርድም ሙቀትም እንደማይሰማው እያወቀች! እናታችን ይህን ባየች ቁጥር ትመርቃታለች።

አሁን በክንዱ ራሱን አንስቶ ዊልቸሩ ላይ ይቀመጣል። እሷ ታሠራዋለች፣ እሱ ታሪክ ይተርክላታል። ወደ ማስተማሩ ለመመለስ ማስታወሻውን እያዘጋጀ ነው።

ልጄ፣ ክፉ አይንካሽ፤ እጅሽ ይባረክ። እናንተም እንደኛ ገንዘባችሁንም ተስፋችሁንም ሳትጨርሱ ደውሉላት። ደግሜ እላለሁ፣ ደውሉላት። ፈቅዳልኛለች፤ ስልኳን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ።