ፈለገ ሕይወት ወይስ ጥበበ ግዮን?

ከጎጃም ወረዳዎች ወደ ባሕር ዳር ሪፈር የሚጻፍለት በሽተኛ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ሁለት የመንግሥት ሆስፒታሎች ወደ አንዱ ይሄዳል። ፈለገ ሕይወት አንጋፋው ነው፤ ያለውም ከተማው ውስጥ፣ ከጣና ሐይቅ ብዙ ሳይርቅ ነው። አስታማሚው ባጃጅ፣ መድኃኒት ቤትና ርካሽ ማደሪያ በቅርብ ያገኛል። ስንቁን አንጠልጥሎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ለሚሰነብት ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥበበ ግዮን አዲስ ሲሆን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው። ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ በአዴት መንገድ ስለተሠራ ከአዴትና ከሞጣ የሚመጣ አምቡላንስ የከተማውን ግርግር ሳይነካ ይደርሳል። ምጥ ለጠናባት እናት ያቺ ጥቂት ደቂቃ ሕይወት ናት። ሐኪሙ ተማሪዎቹን አስከትሎ አልጋው ዘንድ ሲቆም የሚሸማቀቅ በሽተኛ አለ፤ እኔ ግን በብዙ ዓይን መታየቱን እወደዋለሁ።

በጤና መድኅን ለሚታከም ሰው በሁለቱም ዘንድ የታደሰ ደብተርና የሪፈር ወረቀት ያስፈልጋል። ለተመላላሽ ቀጠሮ፣ ምርጫው ካለ፣ ፈለገ ሕይወትን እመርጣለሁ። ለድንገተኛ ግን ምርጫ የለም፤ ወደ ቀረበው መሮጥ ነው።