የሱቃችን የዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም፦ ለሒሳብ ጥሩ፣ ለስልክ ፈተና

የምሠራው ጫማ ቤት ነው። ሽያጭ ላይ ነኝ፤ ስልክ ሲጮህ የማነሳውም እኔው ነኝ። ይህን ሶፍትዌር የምገመግመው ከዚያ ወገን ሆኜ ነው።

ሒሳብ ላይ እንከን አላወጣለትም። ባርኮዱን ስካን ታደርጋለህ፣ ከስቶክ ይቀነሳል፣ አለቀ። ጣጣው የሚጀምረው ደንበኛ ደውሎ «ጥቁሩ፣ 41 ቁጥር አለ?» ሲል ነው። ስክሪኑ «1» ይላል። ግን የት ነው ያለው? ምናልባት አንዱ ይዞት ለመክፈል ተሰልፏል። ምናልባት ግራው ለእይታ ወጥቶ ቀኙ መጋዘን ቀርቷል። ተሰርቆም ሊሆን ይችላል፤ ሌባ ስካን አያስደርግም፣ ስለዚህ እስከ ቆጠራ ድረስ ሲስተሙ ላይ «አለ» እንደተባለ ይቆያል። ሄዶ በዓይን ማየት ግድ ነው። ፊት ለፊቴ የቆመው ደንበኛ ደግሞ ያፈጥብኛል። እውነቱን ነው፣ ቀድሞ የመጣው እሱ ነው።

«ያ ባለፈው ያየሁት ቡናማው» የሚል ሲመጣማ አበቃ! ፍለጋው በሞዴል ቁጥር ብቻ ነው፤ በቀለም አይሠራም። ዕቃ ለደዋይ መያዙን ማመልከቻ ቦታም የለውም። እኛ በብጣሽ ወረቀት ስም ጽፈን ካርቶኑ ላይ እንለጥፋለን። ወረቀቱ ከወደቀ የማታው ተረኛ ይሸጠዋል፣ ቁጣውን የምቀበለው እኔ።

ከአምስት ሦስት ሰጥቼዋለሁ። ለምትደውሉ ደግሞ አንድ ልመና፦ የሞዴል ቁጥሩን ካገኛችሁት ይዛችሁ ደውሉ፣ ስልክ ላይ ብዙ አትቆዩም።