"ሽቦ አይፈልግም" የተባሉ የሐዲድ መገንጠያዎች፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ስድስቱን የሞዴል ባቡር መገንጠያ፣ ባቡሩን ከሐዲድ ወደ ሐዲድ የሚያዞሩትን፣ የገዛሁት አንዱን በ38 ዩሮ ነው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ልጅነቴ ድሬዳዋ ስለሆነ ምድር ቤታችን ውስጥ በትንሹ የምሠራው የጅቡቲን የባቡር መስመር ነው፤ የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። ሞዴሉ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ስለሚያንስ፣ ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፣ ፋብሪካዎቹ 12 ያደርጉታል። ግማሿን ሚሊ ሜትር ይቅር ብያለሁ። ይቅር ያላልኩት ሻጩን ነው።

"ሽቦ ምን ያደርግልሃል? ገጥመህ ማሄድ ነው" አለኝ። ለሦስት ወር እውነቱን ነበር። በአራተኛው ትንሿ ሎኮሞቲቭ ሐዲዶቹ የሚሻገሩበት ሹል ላይ፣ ፍሮግ የሚሉት ላይ፣ ድርቅ ብላ ቆመች። በጣት ነካ ሲያደርጓት ትሄዳለች። ጎማዋን ጠረግሁ፣ ሐዲዱን በአልኮል አሸሁ፣ ትራንስፎርመሩን ጠረጠርኩ። ለካ ፍሮጉ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ተንቀሳቃሹ ምላስ የጎኑን ሐዲድ ሲነካ ብቻ ነው! ጠጠሩን ያጣበቅሁበት ኮላ እዚያ ሰርጎ፣ አቧራ ተጨምሮበት ንክኪው ጠፋ።

"ታዲያ አጽዳው" ትለኝ ይሆናል፣ ጌታዬ። አጸዳሁት። በሳምንቱ ተመለሰ።

ስለዚህ ወደ ብየዳ ገባሁ። ምላሶቹን ከፍሮጉ የሚያገናኘውን ሐዲድ በቀጭን መጋዝ ቆረጥኩ፣ እያንዳንዱን ምላስ ከጎኑ ሐዲድ ጋር በሽቦ አያያዝኩ፣ ለፍሮጉ የራሱን ሽቦ አወጣሁለት። ያ ሽቦ መገንጠያውን ከሚያዞረው ሞተር ማብሪያ ጋር ይገናኛል፤ መገንጠያው ሲዞር ፍሮጉም ከግራ ወደ ቀኝ ሐዲድ ይቀየራል። ከፍሮጉ በሚወጡት ሁለት ሐዲዶች ላይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፈውን የፕላስቲክ ማያያዣ ረስቼ ሾርት ያደረግሁትን አታንሱብኝ።

ለፕላስቲኩ ይራራል ብዬ የያዝኩት መበየጃ 25 ዋት ነበር። ሐዲዱ ሙቀቱን እየጠጣ ሊዱ አልቀልጥ ሲል ጫን አድርጌ ቆየሁ፤ ከሥር ያሉት ሦስት የፕላስቲክ አግዳሚዎች እንደ ሻማ ፈሰሱ። ጎረቤቴ 60 ዋቱን አበደረኝ። 350 ዲግሪ ላይ አድርጌ፣ ሐዲዱን በሞረድ ፋቅ፣ ፍለክስ (ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳውን ቅባት) ቀባ፣ ሽቦውን አስቀድሜ ሊድ አልብሼ ነካሁት። ሁለት ሰከንድ። ፕላስቲኩ ምንም አልሆነም። ለካ የሚያቀልጠው የእኔ መዘግየት ኖሯል።

መገንጠያው ራሱ? እስካሁን አንድም ፉርጎ አልጣለም፣ ይኸው ነው። በገዛሁበት ቀን ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ በይጄው ቢሆን ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ባቡሩ አምስቱን ቀስ ብሎ፣ መብራቱ ሳይርገበገብ ሲያልፍ ግን 38 ዩሮውን ረሳሁት፤ እንደገና እገዛዋለሁ አልኩ።

ስድስተኛው ዋሻው ውስጥ ተጣብቋል፣ እጄ አይገባም። ባቡሩ እዚያ ሲቆም ልጄ ትጠራለች፣ ጣቷ ቀጭን ስለሆነ።