መኖሪያ ግዛትን ጠይቆ የማያሰላው የዕድል መገመቻ

ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ቢሆንም የእርሷ ልብ ያረፈው ሌላ ግዛት ባሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ስለሆነ፣ የመግባት ዕድሏን አስቀድመን ለማወቅ ስሙን እዚህ የማልጠቅሰው አንድ የኢንተርኔት አገልግሎት ዘንድ 79 ዶላር ከፍለን ለአንድ ወር ተጠቀምን።

ቅጹ ጂፒኤ (አማካይ የትምህርት ውጤት)፣ ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ውጤት፣ ከክፍል ውጭ ያለ ተሳትፎና የመኖሪያ ግዛት ይጠይቃል። ለቻፕል ሂሉ ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ 38 በመቶ ዕድል አላት አለን። ልጄ በደስታ ዘለለች፤ እኔ ግን ቁጥሩ ስለበዛብኝ ማታ ብቻዬን ተቀምጬ የመኖሪያ ግዛቱን ወደ ኖርዝ ካሮላይና ቀይሬ እንደገና አሰላሁት። ያው 38 ሆነ። ቴክሳስ ብዬም ሞከርኩ፤ ንቅንቅ አላለም።

ይህ እንደ ጥቃቅን ጉድለት የሚታለፍ አይደለም። ቻፕል ሂል ከ1986 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ መሠረት ከአዲስ ገቢ ተማሪዎቹ ከግዛቱ ውጭ የሚመጡት ከ18 በመቶ እንዲበልጡ አይፈቀድም፤ ለዚህች ጥቂት መቀመጫ የሚሻሙት ደግሞ ከጠቅላላው አመልካች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ናቸው። በኦስቲኑ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲም 90 በመቶው መቀመጫ የቴክሳስ ልጆች ነው። በአንጻሩ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ገደብ ስለሌለበትና ከተማሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ከግዛቱ ውጭ ስለሚመጡ፣ እዚያ ግምቱ ያን ያህል ላይሳሳት ይችላል፤ ነገር ግን ከግዛት ውጭ ለሚመጣ ተማሪ የትምህርት ክፍያው ብቻ በዓመት ከ50,000 ዶላር በላይ መሆኑን አገልግሎቱ አንድም ቦታ አያነሳም። ለወላጅ ደግሞ ከመቶኛው ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳው እርሱ ነው።

የግል ዩኒቨርሲቲዎች በሕግ የተወሰነ የግዛት ኮታ ስለሌለባቸው ለእነርሱ የሰጠን ግምት ብዙም አልከፋም።

የሚያናድደው፣ የተሻለው መረጃ በነፃ መገኘቱ ነው። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ኮመን ዳታ ሴት የሚባል ሰነድ ያወጣሉ። በሰነዱ «ሲ» ክፍል ውስጥ የመኖሪያ ግዛት ለውሳኔው ምን ያህል እንደሚመዝን በግልጽ ይሰፍራል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ስንት የግዛቱ ነዋሪና ስንት ከግዛቱ ውጭ የመጣ ተማሪ አመልክቶ ስንቱን እንደተቀበሉ ለይተው የሚጽፉ በርክተዋል። እኔና ልጄ የ4 ዩኒቨርሲቲዎችን ሰነድ በአንድ ምሽት አነበብን፤ ከዚያ በኋላ ቻፕል ሂልን ሳትሰርዝ ከዝርዝሯ አናት ወደ ታች አወረደችው፤ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲንም ጨመረች።

ቅሬታዬን ለአገልግሎቱ ብጽፍ፣ ግዛት የሚጠየቀው «ለመረጃ ያህል» እንደሆነ መለሱልኝ፤ ገንዘቡን ግን አልመለሱም። ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቻለሁ፤ አንዱ የማመልከቻ ቀነ ገደቦችን ሳያዛንፍ ለሚያስታውሰው የቀን መቁጠሪያቸው ነው።