ጅማ የሚሸጠው የፓሲቭ ጥያቄ ሃንድአውት፦ መግዛቱ ያዋጣል?

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚሸጡት የእንግሊዝኛ ፓሲቭ (ድርጊቱ የተፈጸመበትን ባለቤት የሚያደርግ) ጥያቄ ሃንድአውት ለመልቀቂያ ፈተና ለሚዘጋጅ ተማሪ ይጠቅማል። መልሶቹን ግን እንዳለ ማመን አይገባም።

ጥንካሬው የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ነው። «ኮፊ ኢዝ ግሮውን ኢን ጅማ» የሚለውን ያጽፍና ሄልፒንግ ቨርቡን (ረዳት ግሱን «ኢዝ»ን) ያስከብባል። የተከበበው ከባለቤቱ ፊት ይወጣል፤ ቨርብ ስሪው (የግሱ ሦስተኛ ቅርጽ «ግሮውን») ካለበት አይነቃነቅም፦ «ኢዝ ኮፊ ግሮውን ኢን ጅማ?» መቼ፣ የት ወይም ለምን ከተጠየቀ የመጠየቂያው ቃል ከሁሉም ይቀድማል፦ «ዌን ኢዝ ኮፊ ፒክድ?» ሄልፒንግ ቨርቡ ከአንድ ሲበልጥ የሚወጣው የመጀመሪያው ብቻ መሆኑንም በደንብ አሳይቷል። «ሃዝ ዘ ሃውስ ቢን ሶልድ?» ልክ ነው፤ ሁለቱንም ጎትቶ «ሃዝ ቢን ዘ ሃውስ ሶልድ?» ማለት ስህተት ነው።

የሚያሳዝነው «ዲድ»ን በአንድ መስመር ማለፉ ነው። ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ነው! አክቲቭ (አድራጊው ባለቤት የሆነበት) ጥያቄ ላይ «ዲድ» ስለለመደ «ዲድ ዘ ሌተር ሪትን?» ብሎ ይጽፋል። «ዲድ» የሚሄደው ከቨርብ ዋን (እንደ «ራይት» ካለው መነሻ ቅርጽ) ጋር ነው፤ ቨርብ ስሪ ካለ «ዋዝ ዘ ሌተር ሪትን?» መባል አለበት። «ዌን ዲድ ዩ ቦርን?»ም ያው በሽታ ነው፤ ትክክሉ «ዌን ወር ዩ ቦርን?» ነው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ገጽ መልመጃ ያስፈልገው ነበር።

«ሁ» (ማን) ላይ ደግሞ አድራጊውን ለመጠየቅ «ባይ ሁም» (በማን) የሚለውን ብቻ ነው የሚያስተምረው። «ሁ ዋዝ ዘ ጅሬን ፓላስ ቢልት ባይ?»ም ትክክል ነው፤ እንዲያውም በንግግር የሚበዛው ይሄ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ባይ» ከተረሳች ግን ጥያቄው ይበላሻል። «ሁ ዋዝ ኢንቫይትድ?» ላይ «ሁ» ራሱ ባለቤት ስለሆነ የሚገለበጥ ነገር የለም፤ ይህ ጭራሽ አልተነሳም።

የመልስ ገጹ «ዌን ዋዝ ዚ አክሲደንት ሃፕንድ?»ን ልክ ብሎታል። አይደለም። «ሃፕን» ኦብጀክት (ተሳቢ) ስለማይወስድ ፓሲቭ አይሆንም፤ «ዌን ዲድ ዚ አክሲደንት ሃፕን?» ተብሎ ይታረም።

ስትገዙ ከኮፒ ላይ የተነሳውን አትውሰዱ፤ ክቦቹ ደብዝዘው የትኛው ቃል እንደተከበበ አይለይም። ከኮምፒውተር በቀጥታ ፕሪንት እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ፣ የመልስ ገጹ መኖሩንም ሳትከፍሉ በፊት ገልጣችሁ እዩ።