ለጋሼ መካኒኩ ምስጋና፦ ጥሩ መኪና ገዝታችሁ ለረጅም ዓመት መያዝ ለምታስቡ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ሰዎች

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን ለመጻፍ ካሰብኩ ወራት አልፈዋል። ከሥራ ስገባ ድካም፣ ሳርፍ ደግሞ የቤት ጣጣ እየሆነብኝ ሲጓተት ቆየ። ባለፈው እሁድ እናቴን ከቤተ ክርስቲያን ይዣት ስመለስ «ያን ሰውዬ በደንብ አመስግነሽዋል?» አለችኝ። በቃል አመስግኛቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ግን በአደባባይ መመስገን አለበት፤ እሷም ይህንኑ ማለቷ ነበር።

ስሜን እንዳትጽፊ ብለው ስላስጠነቀቁኝ ጋሼ እያልኩ ነው የምጽፈው። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ሁለት መኪና ብቻ የምታስገባ ትንሽ ጋራዥ አለቻቸው። ሙያውን የጀመሩት በልጅነታቸው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። እዚህ አገር ከገቡም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

መጀመሪያ የደረሰብኝን ልናገር፤ እሱን ካላወቃችሁ የጋሼ ውለታ አይታያችሁም።

የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። ዓመታት ሙሉ ሌላ ሰው የሰለቸውን መኪና ስነዳ ኖሬ፣ በ2018 (እንደ ፈረንጆቹ) ያጠራቀምኳትን ይዤ አንድ መሸጫ ሄድኩ። የጀርመን መኪና ነበር፤ ጥቁር፣ በሩ ሲዘጋ እንኳ ድምፁ ልብ የሚሞላ። ሻጩ ዋጋውን ሳይነግረኝ «በወር ስንት መክፈል ትችያለሽ?» አለኝ። አምስት መቶ አልኩት። ትንሽ ጽፎ ጽፎ «ይኸው፣ 482 ዶላር አደረግሁልሽ» ሲለኝ እግዜር የላከልኝ ሰው መስሎኝ እጁን ጨብጬ አመሰገንኩት። ልጄ በኋላ ወረቀቱን አይቶ ሲያሰላው ነገሩ ገባኝ። 30 ሺህ ዶላር በ9 በመቶ ወለድ በ84 ወር ሲከፈል ወለዱ ብቻ ከ10 ሺህ 500 ዶላር ይበልጣል። ያንኑ በ48 ወር ብጨርሰው ግን ከ6 ሺህ በታች ነበር። ያኔ ይህን የነገረኝ አንድ ሰው አልነበረም።

መኪናዋም ብትሆን ሦስት ሳምንት ሳትሞላኝ ቢጫ መብራት አበራች። የመጀመሪያው ጋራዥ አንድ ዕቃ ቀይሮ 1,400 ዶላር ወሰደ። መብራቱ በአሥር ቀን ተመለሰ። ሁለተኛው «የፊተኛው ተሳስቶ ነው» ብሎ 2,100 ወሰደ። ሦስተኛው ጋ ወንድሜን ይዤ ስሄድ ሰውየው ፊቴን እንኳ አላየም። የምከፍለው እኔ፣ የምነዳው እኔ፣ የሚያወራው ከወንድሜ ጋር! አንድ የጥር ሌሊት ከሥራ ስመለስ 395 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ቀጥ ብላ ቆመችብኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ የጭነት መኪናዎች እያለፉ ያንቀጠቅጡኛል። መሪው ላይ ተደፍቼ ያለቀስኩትን ለቅሶ እስከ ዛሬ አልረሳውም። በአራተኛው ዓመት ስሸጣት የተሸጠችበት ዋጋ ዕዳዋን አልሸፈነም፤ በእጄ ለሌለች መኪና ወራት ከፍያለሁ። የማንንም ስም አልጠራም፤ እግዚአብሔር ይይላቸው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት በአሮጌ ኮሮላ ተንከራተትኩ። በ2024 እናቴ ከአገር ቤት መጣች። ሁለቱም ጉልበቶቿ ይታመማሉ። ያኔ ወሰንኩ፤ አንድ ጥሩ፣ ምቹ፣ የማያሳፍር መኪና ገዝቼ እስከ ጡረታዬ እይዛታለሁ። ልቤ ያረፈው ሌክሰስ ጂኤክስ 460 ላይ ነበር። ከፍ ያለች፣ ነጭ፣ ሜሪላንድ የምትሸጥ። የሥራ ባልደረባዬ «ሳትፈርሚ ጋሼን አናግሪያቸው» ብላ ባትጎትተኝ ፈርሜ ነበር።

ጋራዥ ስገባ ስለ መኪናዋ ፎቶ እያሳየሁ አወራለሁ። ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ካዳመጡኝ በኋላ «ማነው የሚቀመጥባት?» አሉ። እኔና እናቴ አልኳቸው፤ ለሥራ፣ ለሐኪም ቤት፣ እሁድ ለቤተ ክርስቲያን። «እናትሽ እንዴት ናቸው?» አሉ። ስለ ጉልበቷ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ቅዳሜ ይዘሻቸው ነይ» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ገርሞኝ ነበር። መኪና ለመምረጥ የሰማንያ ዓመት እናት ምን ታደርጋለች?

ቅዳሜ ሄድን። ጋሼ ከደንበኞቻቸው መኪና መካከል ሦስቱን ፈቃድ ጠይቀው ደጅ ላይ አሰልፈዋቸዋል፤ አንዷ እኔ የፈለግኋትን የምታህል ከፍ ያለች፣ አንዷ መካከለኛ፣ አንዷ ዝቅ ያለች ሌክሰስ ኢኤስ። «እማማ፣ እስቲ እዚህች ላይ ይቀመጡ» ብለው ክንዷን ያዙላት። ከፍ ያለችዋ ላይ እናቴ እግሯን አንስታ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረች። እኔ ከኋላ ልገፋት ስል ጋሼ በእጃቸው ከለከሉኝ። «ተያት። በየቀኑ የሚገፋት ሰው የት ይገኛል?» አሉ በቀስታ። መካከለኛዋ ላይ ወጣች፤ ስትወርድ ግን ፊቷ ተጨማደደ። ኢኤሷ ላይ ዞር ብላ ተቀመጠች፣ እግሮቿን አከታትላ አስገባች፣ አለቀ። መቀመጫውን በመዳፏ እየዳሰሰች «ይቺስ ልክ እንደ ቤቴ መደብ ናት» አለች። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው «ሰማሽ?» ብቻ አሉኝ።

ስንት ሻጭ፣ ስንት መካኒክ አየሁ! ስለ ፈረስ ጉልበት የነገረኝ ብዙ ነው። የእናቴን ጉልበት የጠየቀኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከዚያ ሌላውን አስረዱኝ፤ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። ሌክሰስ ቶዮታ በ1989 ያወጣው የቅንጦት ስም ነው። ኢኤስ 350 ውስጧ ከካምሪ ጋር እህትማማች ስለሆነች መለዋወጫዋ እንደ ልብ ይገኛል፤ ማንኛውም ጥሩ መካኒክ ያውቃታል። አሥራ አምስት ዓመት የምይዛት ከሆነ ዋናው ነገር ዛሬ የምትሰጠኝ ደስታ ብቻ እንዳልሆነ፣ በአሥረኛው ዓመት ስትበላሽ ስንት እንደምታስወጣኝ ማሰብ እንዳለብኝ ነገሩኝ። ደግሞ በቨርጂኒያ ለካውንቲ በየዓመቱ የምንከፍለው የመኪና ግብር በመኪናዋ ዋጋ ነው የሚሰላው። ውድ መኪና ስትገዙ ግብሩንም አብራችሁ ነው የምትገዙት፤ እኔ ይህን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ስለ ሞተሩና ስለ ካምቢዮው ብዙ ተናግረዋል፤ ያ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ እተወዋለሁ።

አሁን ሁሌም የማወራውን ቀን ልንገራችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት ኢኤስ አገኘሁ። ዋጋዋ ጥሩ፣ ስትታይ እንደ መስታወት የምታበራ፣ የታሪክ ወረቀቷም ንጹሕ። ጋሼ ጋራዣቸውን ዘግተው አብረውኝ መጡ። ሻጩን «ሞተሩን ሳታስነሳ ጠብቀን» በዪው ብለውኝ ነበር። ገና እንደደረስን ኮፈኑ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉና ዝም ብለው አዩኝ። እኔም ነካሁት፤ ሞቃት ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚያሰማውን ድምፅ እንዳንሰማ አስቀድሞ አሙቆታል።

ቀጥለው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡና የደህንነት ቀበቶውን መሳብ ጀመሩ። ሳቡት፣ ሳቡት፣ እስከ መጨረሻው። ሁላችንም ቀበቶውን ወገባችን ድረስ ብቻ ነው የምናውቀው፤ ከዚያ በላይ ያለው ተጠቅልሎ ይኖራል። መጨረሻ ላይ ሻይ የፈሰሰበት ነጠላ የመሰለ ቡናማ መስመር ቀበቶው ላይ ተሰምሯል። መስመሩን በአውራ ጣታቸው አሻሹት። ከዚያ ትራንኩን ከፍተው ምንጣፉን አነሱ፤ ስኮርት ጎማው ሥር በጥግ በኩል ደቃቅ አሸዋ አለ፣ ብሎኑም ዝጓል። ሻጩ «ሌላ ገዢ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል» ይላል። ጋሼ ምንም ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ «እናመሰግናለን፣ መልካም ቀን» ብለውት ወጣን።

መንገድ ላይ ነው የነገሩኝ። «ይቺ መኪና ውሃ ውስጥ ነበረች። ዛሬ ትሄዳለች። ከዓመት በኋላ ሽቦዋ አንድ በአንድ መበላሸት ይጀምራል፤ ያንን የሚጨርስ መካኒክ የለም» አሉኝ። ወረቀቷ ላይ የፊት ባለቤቷ የፍሎሪዳ ሰው መሆኑን አይተናል፤ በመስከረም 2022 ኢያን የሚባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን መምታቱ ትዝ ይላችኋል። በዚያ ይሁን በሌላ ጎርፍ እኔ አልፈርድም። የታሪክ ወረቀት የሚያሳየው ግን ሪፖርት የተደረገውን ብቻ ነው። ኢንሹራንስ ያልሰማውን ውሃ ወረቀት አያውቀውም።

ያን ቀን ብቻዬን ብሆን ኖሮ ፈርሜ ነበር የምመለሰው። ይህን ሳስበው አሁንም ሰውነቴን ይቀዘቅዘኛል።

ሒሳብ ስጠይቃቸው «ላልገዛሽው መኪና አላስከፍልሽም» አሉ። ግማሽ ቀናቸውን አጥተዋል እኮ! ገንዘቡን በግድ ኪሳቸው ብከትም በሚቀጥለው ሳምንት ለእናቴ «እማማ፣ ለቡና» ብለው እጇ ላይ መልሰውታል።

በሦስተኛው ሙከራ አገኘናት። የ2021 ኢኤስ 350፣ 34 ሺህ ማይል የሄደች፣ አንድ ሰው በሊዝ (በረጅም ጊዜ ኪራይ) ይዟት የመለሳት፣ የሰርቪስ ደረሰኟ በሙሉ ያለ። የሻንሲ ቁጥሯን በመንግሥት ድረ ገጽ አስገብተው ያልተሠራ ሪኮል (ፋብሪካው እንዲጠገን የጠራበት ጉድለት) እንደሌለባት አዩ። ክሪክ ላይ ከፍ አድርገው፣ ካርቶን አንጥፈው ሥሯ ገቡ። ሲወጡ ፊታቸው በርቶ «እንኳን ደስ ያለሽ» አሉኝ። ለዚህኛው የወሰዱት 150 ዶላር ነው። ብድሩን ከክሬዲት ዩኒየን (ከቁጠባና ብድር ማኅበር) በ48 ወር ወሰድኩ፤ ይህንንም ያሳሰቡኝ እሳቸው ናቸው። በገዛ እጃቸው የጻፉልኝ ወረቀት እስካሁን መኪናዋ ውስጥ አለ፤ «ዘይት በየ5 ሺህ ማይል። 10 ሺህ ቢሉሽም አትስሚ። በበረዶ ጊዜ መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ሳይታጠብ ሳምንት አይቆይባት።»

ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ 58 ሺህ ማይል ገብታለች። ከዘይትና ከጎማ ሌላ ምንም አላስወጣችኝም። ባለፈው ዓመታዊ ኢንስፔክሽን ያስገባሁበት ቦታ የፍሬን ሥራ ብለው 1,900 ዶላር ሲጠይቁኝ በቀጥታ ወደ ጋሼ ወሰድኳት። ጎማውን ፈትተው የእኔን የፍሬን ሸራ ከአዲስ ሸራ ጎን አስተያይተው አሳዩኝ፤ ገና ከግማሽ በላይ አለው። አጥብቀው መለሱልኝና ሸኙኝ። ለዚህም አልተቀበሉኝም።

እባካችሁ፣ በተለይ እህቶቼ፣ በተለይ ብቻችሁን መኪና የምትገዙ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጋሼ ጋ ሂዱ። ያጓጓችሁን መኪና «ይቅርብሽ» ለማለት የማይፈራ መካኒክ ማግኘት ቀላል አይደለም። ማንም ሻጭ ኮሚሽን አይሰጣቸውም፤ የሚያውቁት ሰው የሚሸጣትን አንዲት መኪና እንኳ «ለአንቺ አትሆንም» ብለው አስቀርተውኛል። ሂዱ፤ እናት ያላችሁ እናታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ለሰው እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። ቅዳሜ ሥራ ስለሚበዛባቸው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብትደውሉ ይሻላል። ሌክሰሷ ላይ ያስቀመጧቸው የእማማ ልጅ ልካን ነው በሏቸው፤ ያውቁኛል።