ሲዝን ቲኬት ከማደሳችሁ በፊት ይህችን አንብቡ

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ልጆቻችሁ ኮሌጅ ፉትቦል (ዩኒቨርሲቲዎች የሚጫወቱትን የአሜሪካ ፉትቦል) ያስለመዷችሁ፣ ይህን የምጽፈው ገንዘባችሁ እንዳይበላ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀጥለውን ዓመት ሲዝን ቲኬት፣ ማለትም የዓመቱን የሜዳ ጨዋታዎች በሙሉ የሚያስገባውን ቲኬት፣ የሚያሳድሱት ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ አሁኑኑ አንብቡት።

የቡድኔን ስም አልጠራም። የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ እወደዋለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በበረዶም በዝናብም ሄጃለሁ። የሠርግ ጥሪ የቀረሁበት ቅዳሜ አለ። ዘንድሮ ግን አላደስኩም።

መጀመሪያ ሒሳቡን ልንገራችሁ። ለእኔና ለ11 ዓመቱ ልጄ ሁለት ወንበር ገዛሁ። አንዱ ወንበር 390 ዶላር ነው፣ ሁለቱ 780። እዚህ ላይ ቢቆም ምንም አልልም ነበር። ቀጥሎ ግን በሌላ ገጽ ላይ «የወንበር ልገሳ» የሚባል ነገር መጣ። በወንበር 250፣ ለሁለቱ 500 ዶላር። እሱን ካልከፈልክ ያን ወንበር አታገኝም። ፓርኪንግ 210። ሰርቪስ ፊ 60። ድምሩ 1,550 ዶላር ሆነ፣ ለሰባት የሜዳችን ጨዋታ። በአንድ ቅዳሜ 221 ዶላር ማለት ነው፣ ውሃና ምግብ ሳይጨመር። ከሰባቱ አንዱ ደግሞ ከታችኛው ዲቪዚዮን ከመጣ ትንሽ ቡድን ጋር ነው። ሌላ ጊዜ ማንም በነጻ እንኳ የማያየው ጨዋታ ነው።

«ልገሳ» በምትለዋ ቃል እንዳትታለሉ። እኔ ተታልያለሁ። ልገሳ ከሆነ ታክስ ላይ ይቀነስልኛል ብዬ ደረሰኙን አስቀመጥኩ። ታክስ የሚሠራልኝ ወንድማችን አየና ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ድሮ የኮሌጅ ስፖርት ወንበር ለማግኘት ከሚከፈለው ልገሳ 80 በመቶው ከታክስ ይቀነስ ነበር። በ2017 የወጣው የታክስ ሕግ ግን ይህን አስቀረው፣ ከ2018 ጀምሮ አንድ ሳንቲም አይቀነስም። ቃሉ ግን አልተቀየረም። ዛሬም ልገሳ ይሉታል። ወንበር ለማግኘት የግድ የምትከፍሉት ብር የወንበር ዋጋ ነው፣ እንደዚያው ቁጠሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለዚያ ሁሉ ብር ምን አየሁ?

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ፦ ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ ለመጓዝ አራት ሙከራ አለው። 10 ያርድ ወደ 9 ሜትር ገደማ ነው። ከተጓዘ አራት ሙከራ እንደገና ይሰጠዋል። በሦስቱ ካልተሳካለት ብዙ ጊዜ በአራተኛው ኳሷን በእግር አርቆ ይመታና ለተጋጣሚ ያስረክባል፣ ፐንት ይባላል። በእያንዳንዱ ሙከራ ምን እንደሚደረግ የሚወስነው አሰልጣኙ ነው። ሩጡ ይላል፣ ወርውሩ ይላል። የጨዋታው ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ተጋጣሚህ ምን እንደምታደርግ ካወቀ አለቀልህ።

የእኛ አሰልጣኝ ምን እንደሚያደርግ ስታዲየሙ ሙሉ እንደ ዳዊት በቃሉ ይደግመዋል። በመጀመሪያው ሙከራ ኳሷን ለሯጩ ሰጥቶ ወደ መሐል። በሁለተኛውም ወደ መሐል። በሦስተኛው ግዴታ ሲሆን አጭር ውርወራ። ከዚያ ፐንት።

ልጄ ባለፈው ዓመት ኦክቶበር አንድ ደብተር ይዞ መጣ። እናቱ ፊደል የምታስጠናበት ደብተር ነው። ከጀርባው ሦስት መስመር አሰመረና ከላይ «መ»፣ «ዳ»፣ «ው» ብሎ ጻፈ። መሐል፣ ዳር፣ ውርወራ። ዝናብ ስለነበር ደብተሩን ጃኬቱ ውስጥ ሸሽጎ፣ በእርሳስ ምልክት እያደረገ አየ። ቡድናችን ገና ሲሰለፍ ጆሮዬ ላይ «አባዬ፣ መሐል ነው» ይለኛል። መሐል ይሆናል። ሲያልቅ ቆጠርነው። ከ28 የመጀመሪያ ሙከራዎች 22ቱ «መ» ሥር ነበሩ። የ11 ዓመት ልጅ ከ40ኛው ረድፍ ላይ ሆኖ ያወቀውን፣ ሳምንቱን ሙሉ ቪዲዮ ሲያጠና የከረመ ተጋጣሚ እንዴት አያውቀው? ያውቀዋል። ላይንባከራቸው፣ መሐል የሚቆመው ተከላካይ፣ ኳሷ ሳትነሳ ለጓደኞቹ በጣቱ ክፍተቱን ሲያሳያቸው በዓይኔ አይቻለሁ። የእኛ ሯጭ ደግሞ ጎበዝ ልጅ ነው። በዚያች ክፍተት ገብቶ ሦስት ሰው ሲከመርበት አንጀቴን በላኝ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

የዚያኑ ቀን በአራተኛው ክፍለ ጊዜ በ10 ነጥብ እየተመራን ነው። ኳሷ በተጋጣሚ ሜዳ 38 ያርድ ላይ ናት፣ አራተኛው ሙከራ ነው፣ የቀረን አንድ ያርድ ብቻ። አንድ ያርድ! ፐንት አደረገ። ኳሷ ተንከባልላ ግብ ክልል ገባች፣ በሕጉ መሠረት ተጋጣሚ ከ20 ያርድ ጀመረ። ማለትም ኳስ አስረክበን ያተረፍነው 18 ያርድ ነው። ከኋላችን የሚቀመጡት ሽማግሌ ቲኬቱን ከ30 ዓመት በላይ ያደሱ ሰው ናቸው። ምንም አልተናገሩም። ብርድ ልብሳቸውን አጥፈው ተነሡና ሄዱ።

አንዳንዱ «ፉትቦል ላይ የሚያሸንፈው ሩጫ ነው፣ ወግ አጥባቂ መሆን ጥፋት አይደለም» ይለኛል። ሩጫን አልጠላም። የጦር አካዳሚው ቡድን አርሚን እዩ። ጨዋታ በጨዋታ እንደሚሮጡ ሀገር ያውቃል፣ ግን በ2024 ከ14 ጨዋታ 12 አሸንፈው የሊጋቸውን ዋንጫ ወሰዱ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? በእነሱ አጨዋወት ኳርተርባኩ፣ ኳሷን ተቀብሎ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ ኳሷ ከተነሳች በኋላ ተከላካዩን አይቶ ነው የሚወስነው። ለመሐለኛው ይሰጣል፣ ወይ ራሱ ይዞ ይሮጣል፣ ወይ ለዳሩ ያቀብላል። እንደሚሮጡ ታውቃለህ፣ ማን እንደሚሮጥ ግን አታውቅም። የእኛ ግን መልሱ አስቀድሞ የተጻፈ ፈተና ነው።

ይህ የእኛ ቤት ብቻ ችግር አይደለም። የአይዋ ዩኒቨርሲቲ በ2023 የማጥቃት አሰልጣኙ ውል ውስጥ ቡድኑ በአማካይ 25 ነጥብ በጨዋታ እንዲያስቆጥር ብሎ እስከ መጻፍ ደርሶ ነበር። ያ አሰልጣኝ የዋናው አሰልጣኝ ልጅ ነው። ቡድኑ በአማካይ ያስቆጠረው 15.4 ነጥብ ነው። ፐንት የሚመታው ቶሪ ቴይለር ግን ከ1938 ጀምሮ የቆየውን የአንድ ሲዝን የፐንት ያርድ ሪከርድ ሰበረ። ልጁ ድንቅ ተጫዋች ነው። ቡድኑ ምን ያህል ጊዜ ኳስ እያስረከበ እንደነበር ግን ከዚህ በላይ የሚነግራችሁ የለም። እርግጥ አይዋ መከላከያው ብረት ስለሆነ 10 ጨዋታ አሸንፏል። የእኛ መከላከያ ብረት አይደለም።

በአራተኛው ሙከራ ስለ መፍራትም የተጠና ነገር አለ። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚክስ ምሁር ዴቪድ ሮመር በ2006 ባሳተመው ጥናት፣ የፕሮፌሽናል ሊጉን ጨዋታዎች መርምሮ አሰልጣኞች መሞከር ሲገባቸው ኳሷን አብዝተው እንደሚመቱ አሳይቷል። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው። ሞክሮ ከከሸፈ ጋዜጠኛው እሱን ይጠይቃል። ፐንት አድርጎ ከተሸነፈ «ልጆቹ አልፈጸሙትም» ብሎ ያልፋል። የእኛውም ከየሽንፈቱ በኋላ የሚላት ይህችኑ ናት።

ታዲያ ለምን አይቀየርም? ብራችን ቀድሞ ስለሚገባ ነው። እኛ የምንከፍለው ጨዋታው ከመጀመሩ ከስድስት ወር በፊት ነው። አሰልጣኙም ቢባረር አይጎዳም። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ በ2023 አሰልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት በውሉ መሠረት ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ገባ። ከዚህ በኋላ አንድ አስተዳዳሪ አሰልጣኝ ለማባረር ሁለት ጊዜ ማሰቡ አይቀርም። ወጪው ደግሞ እየጨመረ ነው። በጁን 2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ዩኒቨርሲቲዎች ለአትሌቶቻቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ፣ ጣሪያው ለመጀመሪያው ዓመት (2025-26) 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ተጫዋቾቹ ማግኘታቸው ተገቢ ነው፣ ዕዳው ከማን ኪስ እንደሚወጣ ግን እዩ። የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ስምምነቱ ሳይጸድቅ፣ ገና በ2024፣ ለቀጣዩ ዓመት የፉትቦል ቲኬት ላይ 10 በመቶ እንደሚጨምር አስታውቋል። ቢያንስ እነሱ ስሙን ጠርተው በግልጽ ተናግረዋል። በሌላው ቦታ ልገሳው ውስጥ ተሸሽጎ ነው የሚመጣው።

በጣም ያናደደኝ ግን ይህ ነው፣ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ያለፈው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ልቀጥል አልቀጥል ብዬ እያመነታሁ ነበር። አንድ ቀን የባንክ አካውንቴን ስከፍት 1,550 ዶላር ወጥቷል። መጀመሪያ ስገዛ «ወንበርዎን ይጠብቁ» የሚል ሳጥን ላይ ምልክት አድርጌ ኖሯል። በየዓመቱ ራሱ ያድሳል ማለት ነው። ማሳሰቢያው ኢሜይል ማስታወቂያ የሚጠራቀምበት ውስጥ ነበር። ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ትሑት ናት፣ እሷን አልወቅስም። የቲኬቱን ልንመልስልህ እንችላለን፣ ልገሳ ግን አይመለስም አለችኝ። 500 ዶላር ውሃ ከሚበላው ብዬ ያዝኩት። ደብተሩ የተጻፈው በዚያ ሲዝን ነው።

አንድ ጨዋታ መሄድ ስላልቻልኩ ቲኬቶቹን ልሸጥ ገበያ ላይ አወጣኋቸው። ለእኔ አንዱ ወንበር በጨዋታ ከነልገሳው 91 ዶላር ያወጣብኛል። እኔው ክፍል ውስጥ፣ ከእኔ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ፣ ሰው 14 ዶላር እየሸጠ ነው። እዚያው ስታዲየም፣ ያው ጨዋታ።

ስለዚህ የምመክራችሁ፣ መጀመሪያ ድረ ገጹ ላይ ግቡና ካርዳችሁ ተመዝግቦ ከሆነ አውጡት። ሳጥኑንም አጥፉት። ከዚያ ደውላችሁ ድምሩን ጠይቁ፦ ቲኬት፣ ልገሳ፣ ፓርኪንግ፣ ፊ፣ ሁሉንም። ከሜይ 2025 ጀምሮ የፌደራሉ ንግድ ኮሚሽን ደንብ የዝግጅት ቲኬት ሻጮች የግዴታ ክፍያዎችን ጨምረው ጠቅላላ ዋጋ ከመነሻው እንዲያሳዩ ያዛል፣ እናንተ ግን ልገሳውን ለብቻው ጠይቁ። ይመለሳል ወይስ አይመለስም በሉ፣ በኢሜይል እንዲጽፉላችሁም አድርጉ። ሻጩ «ካቋረጥክ ለወንበር ቅድሚያ የሚያሰጥህ ነጥብህ ይጠፋል፣ ወንበርህን ሌላ ይወስደዋል» ይላችኋል። እኔን ለሁለት ዓመት ያሰረኝ ይህ ፍርሃት ነው። እውነት ነው፣ ነጥቡ ይጠፋል። ግን በኖቬምበር ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ግማሹ ወንበር ባዶ ከሆነ የምትጠብቁት ምኑን ነው?

አሰልጣኙ ሊቀየር ይችላል ብላችሁ ተስፋ ካደረጋችሁ ደግሞ ቆዩ። እንዲህ ያለው ውሳኔ በብዛት የሚሰማው በኖቬምበር መጨረሻና በዲሴምበር ነው። ዋናው ቢቆይ እንኳ ጨዋታውን የሚጠራው፣ ማለትም ሩጡ ወርውሩ የሚለው ሰው ተቀይሮ እንደሆነ አጣሩ። ኮቹ ራሱ እየጠራ ምክትሉን ብቻ ከቀየረ ምንም አልተቀየረም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች በቲቪ እዩ። ደብተር ያዙ። ሦስት መስመር ይበቃል።

እኔና ልጄ መሄድ አልተውንም። ካርዴን በጃንዋሪ አወጣሁ። በሴፕቴምበር አንድ ጨዋታ፣ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ስታዲየሙ ፓርኪንግ ውጪ ቆመን፣ በስልክ ሁለት ወንበር በ31 ዶላር ገዛን። መኪናዋን 15 ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ሰፈር አቆምናት። የተቀመጥነው ከድሮው ቦታችን አሥር ረድፍ ከፍ ብለን ነው። ልጄ ደብተሩን አወጣ። ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ሙከራዎች አምስቱ «መ» ነበሩ።

የእኛ የእድሳት ቀን ማርች 1 ነው። የእናንተን ዛሬውኑ እዩት።